ዘይቤ ለቃሚው መምህር

የትም አገር ሂዱ፣ ያላችሁትን ትቶ እንዴት እንዳላችሁት ብቻ የሚሰማ አንድ ሰው አታጡም። ራሴ ሊፈነዳ ነው ስትሉት ክኒን አይፈልግላችሁም፤ «ግነት!» ይላችኋል። ለመካነ ሰላም ከተማ የደረሷት ክቡር መምህር የኋላሸት ናቸው። ለባለሱቋ ለሀሊማ ደግሞ ይባስ ብሎ ግድግዳ የሚጋሯት ጎረቤቷ ናቸው።

መምህር አማርኛ ያስተምራሉ። ትምህርቱ ግን ደወል ሲደወል አያልቅም። ሀሊማ ከትንሿ ሱቋ ደጃፍ ቆማ ዘንድሮ ዝናቡ አኮረፈን ካለች፣ ከወዲያ በኩል «ሰውኛ!» የሚል ድምፅ ይመጣል። ሰው ላልሆነ ነገር የሰው ጠባይ መስጠት እንደሆነ አብራርተው እስኪጨርሱ ደንበኛዋ ጨውን ትቶ ይሄዳል። እሺ መምህር፣ ዝናቡ ግን መቼ ይመጣል ብላ ብትጠይቃቸው እሱ እንኳ በትምህርቱ ውስጥ የለም።

በገበያ ቀን አንድ ገበሬ በሬውን ተራራ ይገለብጣል እያለ ሲያሞግስ መምህር በዚያ ያልፋሉ። ቆም ብለው፣ ጣታቸውን አንስተው፣ ግነት መሆኑን አስታወቁ። ገዢው ምን በወጣው፣ ወዲያው ዋጋ ቀነሰ። ገበሬው እስከ ዛሬ ሰላም አይላቸውም።

የቀበሌ ስብሰባ ላይ ካድሬው «ልማት በራችሁን እያንኳኳ ነው» ቢል፣ ከኋላ «ሰውኛ» አሉና ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። ለግምገማ ተጠሩ። ሂሴን ውጫለሁ ብለው በትሕትና ካበቁ በኋላ፣ ሂስ በጉሮሮ ስለማይወርድ ይህም ተለዋጭ ዘይቤ ነው ብለው ግምገማውን እንደ አዲስ አስጀመሩት።

ለቅሶ ቤትም አይምሩም። አልቃሿ ሟቹን ተነስ እንጂ፣ እንግዳ መጥቶብሃል ስትለው፣ መምህር ወደ ሀሊማ ጠጋ ብለው «እንቶኔ» አሉ። የሌለን ሰው እንዳለ አድርጎ ማናገር ማለት ነው። ሀሊማ በጋቢያቸው ጫፍ ጎትታ ከድንኳኑ አወጣቻቸው።

ሀሊማ ግን የራሷ ጭንቅ ነበረባት። አንድያ ልጇ ጁማና፣ ጅዳ ሄዳ ሰው ቤት ለሥራ ከገባች ዓመታት አልፈዋል። ልጅቷ ትንሽ ሠርቼ ልምጣ ትላለች፤ እናቷ ደግሞ ነይ ማለት እየፈለገች፣ የልጇን ዕድል እንዳትዘጋ ፈርታ ዝም ትላለች። ናፍቆቱ አንጀቷን በላው። የሰፈሩ ሰው ሸህ ይማም ለሐጅ ሊነሱ መሆናቸውን ሰምታ ብትሄድባቸው፣ ድምፅሽን በካሴት ቅጂና አደርስልሻለሁ አሏት። ያረብ፣ መቅጃ ቴፕ ያለው ማነው? መምህር የኋላሸት።

አዲስ የባትሪ ድንጋይ ገዝታ መምህር ቤት ገባች። ሸህ ይማም የደሴው አውቶቡስ ሊያመልጣቸው ስለማይገባ፣ ከአስር ሶላት በኋላ ካሴቱን ወስደው ጓዛቸውን ሊያስሩ ነው።

«ጁማናዬ፣ የዓይኔ ብርሃን...»

ጧ! ቴፑ ቆመ። ተለዋጭ ነው፣ ይቀጥሉ አሏት መምህር፣ ቴፑን መልሰው እየተጫኑ። አንቺ ከሄድሽ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም አለች። ጧ! ግነት። ትናንት ስታንኮራፋ በግድግዳው ሰምተዋታል። ሀሊማ ቴፑን አንስታ ልትከሰክሰው ምንም አልቀራት፤ ግን የሰው ዕቃ ነው።

«እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ለእኔ አታስቢ። እዚያው ሠርተሽ ብትቆዪ ይሻላል።»

ጧ! አሁን ግን የመምህር ድምፅ ዝቅ አለ።

«ወይዘሮ ሀሊማ፣ ይህ ምጸት ነው። የሚሉት ሌላ፣ ልብዎ የሚለው ሌላ። ልጅቱ በምን ታውቃለች?»

ሀሊማ ወደ ቴፑ ጎንበስ አለች።

«ነይ፣ ልጄ። ገንዘቡ ይቅር። የላክሽው ሁሉ ቆርቆሮ ሆኗል፤ ቆርቆሮ አያጫውተኝም። ብቻዬን መብላት ሰልችቶኛል። ሳልሞት ፊትሽን ልየው።»

መምህር ጣታቸውን አላነሱም። ሀሊማ በሻሿ ዓይኗን ጠረገች። ወላሂ፣ እንዲህ ቀሏት አያውቅም።

ሸህ ይማም አሰላሙ አለይኩም ብለው ሲገቡ፣ መምህር መቀዳቱን ለማረጋገጥ ካሴቱን ወደኋላ አጠነጠኑ። «ሠርተሽ ብትቆዪ ይሻላል» አለ ቴፑ። ከዚያ በኋላ ምንም የለም። ምጸቱን ለመንገር ያቆሙትን ቴፕ መልሰው አላስነሱትም ነበር።

መምህር እንደ ጥፋተኛ ተማሪ ቆሙ። ሀሊማ እንደገና ልትሞክር ጎንበስ አለች፤ ከአፏ የወጣው ግን ደህና ነን ብቻ ሆነ። ሸህ ይማም አብሽሪ፣ አይዞሽ እያሉ ቢጠብቋትም አልሆነላትም። ልጇ ጋ የሚደርሰው ቃል ቆዪ የሚለው ሊሆን ነው።

መምህር ቴፑን ወደ ራሳቸው ሳቡ። ተጫኑት፣ መዞሩንም ጎንበስ ብለው አዩ።

«ጁማና፣ መምህር የኋላሸት ነኝ። እናትሽ ቆዪ ያለችው ውሸቷን ነው። አሁን እያለቀሰች ነይ አለችሽ፤ እኔ በሞኝነቴ ሳልቀዳው ቀረሁ። ሸህ ይማምን ጠይቂያቸው፣ ዓይኗን አይተዋል። የምነግርሽ እውነት ነው፣ ወላሂ። አንቺ ከሄድሽ በእናትሽ ቤት ሳቅ ተሰምቶ አያውቅም፤ በግድግዳው አዳምጣለሁ። እኔም ልጅ የለኝም። ጠዋት ጠዋት መምህር፣ ደህና አደሩ ስትይኝ ልጅ ያለኝ ይመስለኝ ነበር። ናፍቀሽናል። ነይ።»

ሸህ ይማም ካሴቱን በኪሳቸው ከተው፣ ዱዓ አድርገው ወጡ። ሀሊማ ወደ ቤቷ ገባች። አመሻሽ ላይ ግድግዳውን በእጇ መታ መታ አደረገችና ሽሮ ሠርቻለሁ፣ መምህር፣ ይምጡ አብረን እንብላ ብላ ጠራቻቸው። መምህር ታጥበው ቀረቡ። ሳታስበው ጁማናንም ቆጥራ፣ ለሦስት ሰው ነበር የሠራችው።