የከሊፋ ልጅ ኳስ አይነካም

ከሊፋ ልጁ ሙዝደሊፋ ሲጫወት አይቶ አያውቅም። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ የአንድ ትልቅ ሕንጻ ጥበቃ ስለሆነ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ ላይ ነው። ልጁ የትምህርት ቤቱ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ውስጥ ከገባ ወዲህ ቤት ውስጥ ወሬው ሁሉ ጨዋታ ሆኗል፤ ከአባቱ ጋር ግን አይደለም። አንድ ማታ ከሊፋ «ዛሬስ እንዴት ነበር?» ቢለው፣ «ዳድ፣ ዩ ወልድንት ጌት ኢት» ብሎት ክፍሉ ገባ። አይገባህም ማለቱ ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ከሊፋ ሆድ ውስጥ ግን ተቀመጠ።

ስለዚህ በዚህ ቅዳሜ ፈረቃ ተቀያይሮ፣ ቡድኑ አሌክሳንድሪያ ሄዶ ሲጫወት ሊያይ ተነሳ። አስተማሪም አልጠፋም። ታክሲ ነጂው ኃይለመለኮት፣ ጓደኞቹ ኃይሌ የሚሉት፣ ይህን ጨዋታ ለዓመታት በቴሌቪዥን ያየ፣ ያላየውንም የሚያውቅ ሰው ነው።

[ኃይሌ ታክሲ ውስጥ። ቤልትዌይ የሚባለው ቀለበት መንገድ ተጨናንቆ መኪናው ሁሉ ይሳባል። ከሊፋ ጭኑ ላይ የኦቾሎኒ ከረጢት ይዟል። ክርክሩ ከጆርጂያ አቬኑ ጀምሮ አልበረደም።]

ከሊፋ፦ በእጅ ከተያዘ ፉትቦል አይባልም ነው የምልህ።

ኃይሌ፦ ስሙን ተወው አልኩህ እኮ። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ?

ከሊፋ፦ አይ፣ ሁሉን ስለምታውቅ ብዬ ነው።

ኃይሌ፦ ይልቅ ልጅህ ቦታው የት ነው?

ከሊፋ፦ ጋርድ ነው አለችኝ እናቱ።

ኃይሌ፦ ጎሽ። ጋርድ ትልቅ ቦታ ነው።

ከሊፋ፦ እኔ ግን አልወደድኩትም። እኔ ጋርድ የሆንኩት እሱ ጋርድ እንዳይሆን ነው።

ኃይሌ፦ ይሄ ሌላ ጋርድ ነው፣ ከሊፋ።

ከሊፋ፦ ዩኒፎርም አይለብስም?

ኃይሌ፦ ይለብሳል።

ከሊፋ፦ ሰው እንዳይገባ አይከለክልም?

ኃይሌ፦ ይከለክላል።

ከሊፋ፦ ታዲያ ከእኔ በምን ተለየ?

ኃይሌ፦ [አሰብ አድርጎ] እሱ ሄልሜት አለው። አሁን ዝም ብለህ ስማ። አምስት ልጆች ጎን ለጎን ያጎነብሳሉ። የመሃለኛው ኳሱን በእግሮቹ መሃል ወደ ኋላ ያቀብላል። ኋላ ያለው ተቀብሎ ለሯጩ ይሰጣል። ሯጩ ይሮጣል። ይኸው ነው።

ከሊፋ፦ ሙዝደሊፋስ ኳሱን የሚቀበለው መቼ ነው?

ኃይሌ፦ አይቀበልም።

ከሊፋ፦ ሌሎቹ ሲደክማቸውስ?

ኃይሌ፦ ቢደክማቸውም። ጋርድ ኳስ አይነካም።

ከሊፋ፦ ምን አጥፍቶ?

ኃይሌ፦ ቅጣት አይደለም። ሥራው ብሎክ ማድረግ ነው።

ከሊፋ፦ እሱንስ ያውቅበታል። እኔንም ፌስቡክ ላይ ብሎክ አድርጎኛል።

ኃይሌ፦ እንደዚያ አይደለም። ሯጩን ሊጥል የሚመጣውን ሰው ገጥሞ ይገፋዋል።

ከሊፋ፦ ጥብቅ አድርጎ ይይዘዋል በለኝ።

ኃይሌ፦ አይይዘውም። መያዝ ያስቀጣል። ይገፋዋል።

ከሊፋ፦ እኛ ጋ ሁለቱም ክልክል ነው። ፖሊስ ነው የምንጠራው።

[አንድ ትልቅ ትራክ ከፊታቸው ገባ። ኃይሌ ፊቱ በራ።]

ኃይሌ፦ ጥሩ መጣልህ። ትራኩ ጋርድ ነው በል። እኛ ሯጩ ነን። እሱ እየገፋ መንገድ ይከፍትልናል፣ እኛ ከኋላው ሹልክ እንላለን።

ከሊፋ፦ ቆሟል እኮ።

ኃይሌ፦ አሁን ይነቃነቃል።

ከሊፋ፦ ኃይሌ፣ ይሄማ እኛን ነው ብሎክ ያደረገን።

[መንገዱ ቀጥ ብሎ ስለቆመ ኃይሌ ከከረጢቱ ኦቾሎኒ ዘግኖ ዳሽቦርዱ ላይ ደረደረ።]

ኃይሌ፦ አሁን ደግሞ ትራፕ የሚባለውን ላሳይህ። ወጥመድ ማለት ነው። ይሄ ተቃራኒው ነው፣ ጉልበተኛ። ይሄ ሙዝደሊፋ። ይሄ ሯጩ። ጉልበተኛው ሲመጣ ማንም አይነካውም። በሩን ከፍተው ያስገቡታል።

ከሊፋ፦ መታወቂያ ሳያሳይ?

ኃይሌ፦ ሳያሳይ። ደስ ብሎት ሲገባ፣ ሙዝደሊፋ ከወዲያኛው ጫፍ በጓደኞቹ ጀርባ ሮጦ መጥቶ ከጎን ይገጨዋል። ሯጩ በተከፈተው በኩል ያልፋል።

ከሊፋ፦ የጥበቃ ቦታውን፣ ፖስቱን ጥሎ ነው የሚሮጠው?

ኃይሌ፦ ጥሎ።

ከሊፋ፦ እኛ ጋ ፖስት ጥሎ መሄድ ያስባርራል።

ኃይሌ፦ እዚያ ያስጨበጭባል። ገባህ?

ከሊፋ፦ ያስገቡትና፣ የገባ ሲመስለው፣ ከማይጠብቀው ወገን።

ኃይሌ፦ እንዲያ ነው። አሁን ሯጩ... ሯጩ የት ሄደ?

ከሊፋ፦ በላሁት። ያለቀ መስሎኝ።

[ትራኩ ተነቃነቀ። ትንሽ ነዱ።]

ኃይሌ፦ ግን ይሄን ሁሉ ለምን ፈለግከው? ሄደህ ብታጨበጭብለት አይበቃም?

ከሊፋ፦ ሲጨርስ አንድ ነገር ልለው ነው። ሁሉን ባላውቅ ግድ የለኝም። አንዲት ትክክለኛ ነገር ብትሆን።

ኃይሌ፦ ከእኔ ጋር ቁጭ ብለህ? ተሸክመህ የማትጨርሰውን ይዘህ ትመለሳለህ።

[አሌክሳንድሪያ። የትምህርት ቤት ሜዳ። ኃይሌ ፊት ፊት እየመራ ጥላ ያለበት ወገን ወስዶ አስቀመጠው። ዙሪያቸው ያለው ሰው ሁሉ ቀይ ለብሷል። ነጭ የለበሱት ከማዶ ናቸው።]

ኃይሌ፦ ቁጥሩ ስንት ነው?

ከሊፋ፦ ስልሳ ስድስት።

ኃይሌ፦ አየሁት። ወይ ትከሻ።

ከሊፋ፦ የእናቱ ወንድሞች ናቸው እንዲህ የሆኑት።

ኃይሌ፦ አንተ በዚያ ሄልሜት ውስጥ ትለየዋለህ?

ከሊፋ፦ አረማመዱን አጣዋለሁ?

[ኃይሌ የሚያየው ከፊቱ ያለውን ቀይ ለባሽ ስልሳ ስድስት ነበር። ከሊፋ የሚያየው ደግሞ ማዶ ያለውን ነጭ ለባሽ ስልሳ ስድስት። አንዳቸውም ሌላው የት እንደሚያይ ልብ አላሉም። ጨዋታው ተጀመረ።]

ኃይሌ፦ በርታ የኔ አንበሳ። እየው ልጅህን፣ ሯጩን ጨምድዶ ያዘው።

ከሊፋ፦ መያዝ ያስቀጣል አላልክም?

ኃይሌ፦ [ትንሽ ግራ ተጋብቶ] ይሄ... አንዳንዴ ይፈቀዳል።

ከሊፋ፦ ደግሞ ሯጩ የራሳቸው አይደል እንዴ?

ኃይሌ፦ ጥያቄ አታብዛ፣ እይ። ፈጣሪ ይባርከው፣ እንዴት ያለ ልጅ ነው የወለድከው።

ከሊፋ፦ አሜን፣ ወንድሜ።

[ነጭ ለባሾቹ ኳሱን ይዘው አጎነበሱ። ኳሱ ወደ ኋላ እንደተላለፈ ቀይ ለባሹ ስልሳ ስድስት ማንም ሳይነካው ሰንጥቆ ገባ። ኃይሌ ብድግ አለ።]

ኃይሌ፦ ገባ። ብቻውን ገባ። ማንም አልነካውም፣ ከሊፋ።

ከሊፋ፦ ማንም ካልነካውማ...

[ከወዲያኛው ጫፍ ነጭ ለባሹ ስልሳ ስድስት በጓደኞቹ ጀርባ እየሮጠ መጣና ከጎን ገጨው። ቀይ ለባሹ ተዘረረ። ሯጩ በባዶው በኩል አልፎ ሄደ። ማዶ ያለው ሰው አጨበጨበ። ከሊፋ ዓይኑን ከልጁ አልነቀለም።]

ኃይሌ፦ ኧረ ዳኛ የለም እንዴ እዚህ አገር? አየኸው ያንን ባለጌ?

ከሊፋ፦ አየሁት።

ኃይሌ፦ ከጎን ተደብቆ መጥቶ፣ ልጁ ሳያየው። ስንት ዓመት ሳይ እንዲህ ያለ ጉድ አላየሁም። ለመሆኑ ይሄን ልጅ ማን ነው ያሳደገው?

ከሊፋ፦ እኔ ነኝ።

[ኃይሌ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።]

ኃይሌ፦ ነጩ ነው ያንተ?

ከሊፋ፦ ነጩ ነው።

ኃይሌ፦ ታዲያ ይሄ ቀዩ የማነው?

ከሊፋ፦ እንጃ። ስትመርቀው ዘመድህ መስሎኝ ነበር።

ኃይሌ፦ ሰውዬ፣ እዚህ ስንቀመጥ ለምን አልነገርከኝም?

ከሊፋ፦ ልጄ ፊት ለፊት እንዲታየኝ ብለህ ያመጣኸኝ መስሎኝ። እንዴት አሰበልኝ እያልኩ ነበር፣ ወላሂ።

[ጨዋታው አለቀ። ሙዝደሊፋ ሄልሜቱን በእጁ አንጠልጥሎ ሲመለስ አባቱን በቀዮቹ መሃል አየና ሜዳውን አቋርጦ መጣ።]

ሙዝደሊፋ፦ ዳድ? ዩ ኬም? መጣህ?

[ከሊፋ እላለሁ ብሎ ያሰበው ሁሉ ጠፋበት። ስለዚህ ያየውን ተናገረ።]

ከሊፋ፦ ያንን ትልቁን ልጅ አስገቡት። አንተ ከወዲያ ማዶ በጀርባ ሮጠህ መጣህ። ሰው ያጨበጨበው ለሯጩ ነው፤ መንገዱን የከፈትከው ግን አንተ ነህ።

[ልጁ ሄልሜቱን መሬት ላይ አስቀመጠ።]

ሙዝደሊፋ፦ ዩ ሶው ዳት? አየኸው? እሱን እኮ ማንም አያይም።

ከሊፋ፦ እኔ ኳሱን ለማየት አልመጣሁም።

ሙዝደሊፋ፦ ማን አስተማረህ?

ከሊፋ፦ ጋሼ ኃይሌ ነው። መኪና ውስጥ።

[ልጁ አሰልጣኙን አስፈቅዶ ከእነሱ ጋር ተሳፈረ። ኋላ ወንበር ላይ እግሩን ዘርግቶ የቀረውን ኦቾሎኒ ከአባቱ እጅ እየወሰደ ይበላል። ኃይሌ ዊልሰን ድልድይን እስኪሻገሩ ስለ መንገዱ መጨናነቅ ብቻ አወራ። ኋላ ግን አልቻለም።]

ኃይሌ፦ ሙዝደሊፋ፣ የኔ ልጅ... ያ ከጎን መጥተህ የገጨኸው። ዳኛው ለምን ዝም አለህ?

ሙዝደሊፋ፦ አንክል ኃይሌ፣ ኢትስ ጀስት አ ትራፕ።

ኃይሌ፦ እሱንማ አውቃለሁ። ማለቴ... እንዴት ነው እሱ?

ከሊፋ፦ አስረዳው፣ ልጄ። ግን ቀስ እያልክ። ከጠዋት ጀምሮ ብዙ ደክሜበታለሁ።