ፍሬን ለሁዜይፋ አውሮፕላን

ሁዜይፋ፦ እኔ የምልህ፣ አውሮፕላን ፍሬን ምን ያደርግለታል? አየር ላይ ምኑን ይዞ ይቆማል?

ደሳለው፦ አየር ላይማ ማን ቁም አለው። ሲወርድ ነው እንጂ።

ሁዜይፋ፦ ሲወርድ ሲደክመው ይቆማላ።

ደሳለው፦ (አሰብ አድርጎ) ሜዳው ጫፍ ላይ ያለው ገደልስ? እስኪደክመው ይጠብቀዋል?

ከመካነ ሰላም ገበያ ጀርባ፣ ሁዜይፋ የበርና የመስኮት ብረት በሚበይድበት ቤት ደጃፍ፣ ሁለቱ ጓደኛሞች እንዲህ ሲጨቃጨቁ ረፈደ። በመሀላቸው የቆመችው አውሮፕላን ሁዜይፋ ሁለት ዓመት ሙሉ በስልክ ቪዲዮ እያየ የሠራት ናት። ክንፏ ሸራ፣ አጥንቷ የመስኮት ብረት፣ ሞተሯ ከተጋጨ ሞተር ሳይክል የተፈታ ነው። ቅዳሜ የወረዳው ሰዎች ባሉበት ትነሳለች ተብሎ በድምፅ ማጉያ ተነግሯል። የሚያበራት ግን ሁዜይፋ አይደለም፤ እሱ ዘጠና ሁለት ኪሎ ነው። የሚያበራት ባጃጅ ነጂው ደሳለው ነው፤ ሃምሳ አንድ ኪሎ። ደሳለው አንድ ነገር ሲጠየቅ መልሱ እስኪመጣ ጊዜ ይወስዳል፤ ሁዜይፋ ደግሞ ጠያቂው ሳይጨርስ ይመልሳል። ስለዚህ ከተማው አንዱን «ቀስ በል»፣ ሌላውን «ኢንጅነር» እያለ ይጠራቸዋል።

ሁዜይፋ ፍሬን ግዴታ መሆኑን ራሱ አስቀድሞ እንዳሰበበት አድርጎ አስረዳና፣ ከውስጥ ጥንድ የሳይክል ፍሬን ይዞ ወጣ። ግድግዳው ላይ በጠመኔ የጻፈውንም በጣቱ አሳየ፦ አውሮፕላኗ ከነሰውዬው ከሁለት መቶ ኪሎ እንዳትበልጥ።

ሁዜይፋ፦ የውጭዎቹ ሁሉ የሚመርጡት ቀላሉን ነው። ይሄ ይበቃል።

ደሳለው፦ ይበቃል። (ፍሬኑን አገላብጦ እያየ) ይሄ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ሳይክል ላይ ያለው አይደል?

ሁዜይፋ፦ ዓይነቱ አንድ ነው። ምነው?

ደሳለው፦ ምንም። አቶ አወቀ ጎንበስ ብለው ሲያዩት ምን ይሉ ይሆን እያልኩ ነው።

አቶ አወቀ በወረዳው የወጣቶችን ጉዳይ የሚመሩ ሰው ናቸው። ቅዳሜ የምስክር ወረቀት ይዘው ይመጣሉ። ሁዜይፋ ያንን ወረቀት በሐሳቡ ከአሁኑ ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል፤ የሚስማሩን ቦታ እንኳ መርጧል። አሁን ግን አቶ አወቀ ከአቀስታና ከወረኢሉ በመጡ እንግዶች ፊት «ሳይክል ነው እንዴ?» ሲሉ ታየውና ጆሮው ጋለ። ከሰዓት በኋላ የሞተር ሳይክል ፍሬን አስመጣ፤ የሳይክሉ ለምን እንደማይሆንም ለደሳለው አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማረው። ደሳለው ራሱን እየነቀነቀ ሰማ።

ደሳለው፦ ይሄስ ጥሩ ነው። ስለማላውቅ ነው እንጂ፣ አውሮፕላን ከሞተር ሳይክል እኩል ነው ማለት ነው?

ሁዜይፋ፦ ማን እኩል ነው አለህ? አውሮፕላን ከፒካፕም ይበልጣል።

ደሳለው፦ (ቀስ ብሎ) ለካ የሚያስፈልጋት የፒካፕ ፍሬን ነው። አንተ ባትነግረኝ እኔ ከየት አውቀው ነበር።

ሁዜይፋ እንደዚያ ማለቱን አላስተዋለም ነበር። ከደሳለው አፍ ሲሰማው ግን ወደደው። በማግስቱ መንገድ ዳር ከወደቀ አሮጌ ፒካፕ ፍሬኑን ከነአክሱ፣ ጎማዎቹን ከሚያያይዘው ወፍራም ብረት ጋር፣ ፈትተው በደሳለው ባጃጅ ጫኑት። ባጃጇ ዳገቱን የወጣችው ሁዜይፋ ወርዶ ከኋላ እየገፋት ነው።

ደሳለው፦ አይከብዳትም ግን?

ሁዜይፋ፦ (ላቡን እየጠረገ) የሚፈጥነው ከባድ ነገር ነው። ከገደል የሚወርድ ድንጋይ አይተህ አታውቅም?

ደሳለው፦ የሚወርድ አይቻለሁ። የሚወጣ ነው ያላየሁት።

ሁዜይፋ፦ አብሽር፣ አንተ የሳይንስ ሰው ስላልሆንክ ነው።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ቀናት ደሳለው አንድ አንድ ነገር ከመጠየቅ በቀር ሥራ አልነበረውም። ዳገት ላይ ብትቆም ወደ ኋላ አትንሸራተትም ወይ አለ፤ ሁዜይፋ የእጅ ፍሬን ጨመረ። ፍሬኑ እንዲህ ሲበረታ ቀጭኑ ጎማ አይቀደድም ወይ አለ፤ ጎማውም የፒካፕ ሆነ። ወፍራሙ ጎማ ያንን ቀጭን እግር አያጎብጠውም ወይ ሲል እግሩ በድርብ ብረት ተበየደ። ሁዜይፋ እያንዳንዱን ጥያቄ ሲሰማ በጓደኛው የዋህነት ፈገግ ይላል፤ ከዚያ ጥያቄውን የራሱ አሳብ አድርጎ ለጎረቤት ያወራል። ግድግዳው ላይ የነበረው የጠመኔ ጽሑፍም ትርፍ ብረት ተደገፈበትና የሚያየው ጠፋ።

ዓርብ ከሰዓት ደሳለውን ወንበሯ ላይ አስቀምጦ ቀበቶውን ሲለካ፣ የጓደኛው ቀጭን አንገት ከሸራው መሀል ብቅ ብሎ ሲያየው ቀበቶውን አንድ ቀዳዳ አጠበቀለት። ይህ ሰው ነገ ከኔ ብረት ጋር ገደል አፋፍ ላይ ሊሆን ነው ብሎ አሰበ። ወዲያው ግን ጎንበስ ብሎ ፍሬኑን አየና ራሱን አጽናና።

ቅዳሜ ሜዳው በሰው ሞላ። ሁዜይፋ አጭር ንግግር አደርጋለሁ ብሎ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ለዛሬው ሜዳውን ዞራ እንደምትመለስ፣ በሚቀጥለው ግን ወረኢሉ ደርሳ እንደምትመጣ ተናገረ። ደሳለው የሞተር ሳይክል ቆቡን አጥልቆ፣ አማትቦ ገባ። ሞተሩ ጮኸ። አውሮፕላኗ አቧራውን እያስነሳች፣ ጭራዋን እንደ ዝይ እያወዛወዘች ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሮጠች። ሕዝቡ አሁን ተነሳች፣ አሁን ተነሳች እያለ አንገቱን አሰገገ። ጎማዋ መሬቱን አንድ ስንዝር እንኳ አልለቀቀም። ገደሉ አፋፍ ለመድረስ ሁለት እርምጃ ሲቀራት ቀጥ ብላ ቆመች። ሁለተኛም ሦስተኛም ተሞከረ፤ ሁሌም ሮጠች፣ ሁሌም ቆመች።

አቶ አወቀ ቀረብ ብለው ጎማውን በጫማቸው ነካ አደረጉና፣ እንዲህ የሚቆም ነገር በዕድሜያቸው አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ። የምስክር ወረቀቱ «ላስመዘገቡት የተሳካ በረራ» ይላል፤ ማኅተሙ የተመታው ረቡዕ ስለሆነ የሚለወጥ አልነበረም። ሰጡት፣ ፎቶ ተነሡ፣ በመኪናቸው ሄዱ። ሰውም እየሳቀ ተበተነ።

ሁለቱ አውሮፕላኗን እየገፉ ወደ ከተማ ተመለሱ። ሁዜይፋ ወረቀቱን በብብቱ ይዟል።

ሁዜይፋ፦ ምኑ ጋ ነው የሳትነው? እኔ ሁሉን ነገር አስልቼ ነበር።

ደሳለው፦ እኔም አስልቼ ነበር።

ሁዜይፋ፦ አንተ ደግሞ ምኑን?

ደሳለው፦ ባጃጅ ስንት ሰው ስትጭን ዳገት ላይ እንደምትቆም አውቃለሁ። በሳይክሉ ፍሬን ብትሆን ትነሳ ነበር። በሞተር ሳይክሉም ክንድ ያህል ትነሳ ነበር። በፒካፑ ግን እንደማትነሳ ገባኝ። የእጅ ፍሬኑን ያስጨመርኩህ ልቤ እንዲያርፍ ነው።

ሁዜይፋ፦ (መግፋቱን ትቶ) አልበርም አትለኝም ነበር?

ደሳለው፦ እኔ እምቢ ብል ሌላ ቀጭን ሰው ትፈልግ ነበራ።

ሁዜይፋ ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ክንፉን ደገፍ ሲል ግን ክንፉ አብሮት ዘመመ። ጎንበስ ብሎ አየ። ክንፉ ከገላዋ ጋር የተያያዘበት ብየዳ ግማሹ ተሰንጥቋል። ያውም መሬት ለመሬት ሮጣ ነው። ጣቱን ስንጥቁ ውስጥ ከተተው፤ ገባለት። ከዚያ ደሳለውን ከእግሩ እስከ ራሱ አየው፤ እጅ እግሩ ሙሉ መሆኑን የሚቆጥር ይመስል ነበር።

ሁዜይፋ፦ (ድምፁ ወርዶ) ይሄን ስንጥቅ መቼ ነው ያየኸው?

ደሳለው፦ አሁን፣ ካንተ ጋር።

ሁዜይፋ፦ ታዲያ እንደሚሰነጠቅ በምን አወቅህ?

ደሳለው፦ (ብቻውን መግፋት እየጀመረ) የቤቴን በር የበየድከው አንተ አይደለህ?