ማክሰኞ ወልቆ ሐሙስ የበቀለው ጥርስ

ዛሬ ጠዋት ሰማንያ ወላጅ ፊት ተዋረድኩ። ምክንያቱ? ልጄ ጥርስ ስላላት!

በትክክል ነው ያነበባችሁት። ጥርስ ስለሌላት አይደለም፣ ስላላት ነው።

ቁጭ በሉ፣ ልንገራችሁ። ለመሳደብ የተዘጋጀ ሰው ካለ እስከ መጨረሻው ያንብብና ይሳደብ። ግማሹ ስድብ ይገባኛል። ግማሹን ግን ምን ቆርጦኝ እቀበላለሁ!

የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። መሥሪያ ቤቴ ሜክሲኮ። የአባዶ ሰው ይህን ሲሰማ አሁን ራሱን እየነቀነቀ ነው፣ ሌላችሁ ካርታ ክፈቱ። ጠዋት አሥራ አንድ ተኩል ላይ የታክሲ ሰልፍ ውስጥ ነኝ። ማታ ሁለት ተኩል ላይ ስገባ ልጄ ሶልያና እራቷን በልታ፣ ተጣጥባ፣ አፏን ከፍታ ተኝታለች። የምታበላትም የምታስተኛትም አብራን የምትኖረው እህቴ ናት።

ሶልያና ሰባት ዓመቷ ነው፣ ሁለተኛ ክፍል። ትምህርት ቤቷ ሲኤምሲ ነው፣ በሰርቪስ ትሄዳለች።

ትምህርት ቤቱ ዘንድሮ አንድ ነገር ጀመረ። "ወላጅን በቴክኖሎጂ ማሳተፍ" ይሉታል። ምን መሰላችሁ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ ማታ ማታ ልጅ አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ወላጅ በስልኩ ይቀርጻል፣ ቪዲዮው የክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይላካል። በየቀኑ! ከአሥር የሚያዝ የወላጅ ተሳትፎ ማርክም አለው፣ አክስት ብትቀርጸው አይቆጠርም።

ሐሳቡን ሲነግሩን አጨብጭቤያለሁ፣ አልዋሽም። ሳጨበጭብ የታክሲ ሰልፉን ረስቼው ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድም ቪዲዮ አልላክሁም። ሰኞ ጠዋት ግሩፑ ላይ ዝርዝር ወጣ። የላከ አረንጓዴ፣ ያልላከ ቀይ። የሶልያና እናት ቀይ። ሰው ሁሉ እያየ!

የናታን እናት ግን አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ። የሲኤምሲ ሰው ናት፣ ቪላ ውስጥ ነው የምትቀርጸው። ከልጁ ኋላ የመጽሐፍ መደርደሪያ፣ ከጎኑ የሚያምር መብራት። ናታን ራሱ ዜና አንባቢ ነው የሚመስለው። ነጠላ ሰረዝ ሲያይ እንኳ ትንፋሽ ይወስዳል! በናታችሁ፣ የሰባት ዓመት ልጅ እንዲህ ያደርጋል?

ስለዚህ መላ ፈለግኩ። እሁድ!

እሁድ ከሰዓት አምስቱንም ቪዲዮ በአንዴ እንቀርጻለን። መጋረጃ እዘጋለሁ፣ መብራት አበራለሁ፣ በቃ መሸ። ለሰኞ ቀይ ሹራብ፣ ለማክሰኞ ቢጫ፣ ለረቡዕ ፒጃማ። ፀጉሯን አንዴ እፈታዋለሁ፣ አንዴ አስረዋለሁ።

ከዚያ ቁጭ ብዬ ኤዲት አደርጋለሁ። የተሳሳተችበት ይቆረጣል። ዝም ያለችበት ይቆረጣል። ከሥር ቀስ ያለ ክላሲካል ጣል አደርግበታለሁ። መጨረሻ ላይ በየማታው ሁለት ሰዓት እንዲላክ ቴሌግራሙን ስኬጁል አድርጌ እገላገላለሁ።

እኔ መገናኛ ላይ በሁለት ሰው ወንበር ሦስተኛ ሆኜ ስጨናነቅ፣ ቪዲዮው ራሱን ይልካል። አረንጓዴ!

ሊቅ ነኝ አልኩ። አምስት ሳምንት እንዲህ ኖርን። ናታን ራሱ ከኔ ልጅ አጠገብ ሲቀመጥ የሚንተባተብ መስሎ ይታየኝ ጀመር።

ከዚያ ጥርሱ መጣ። ማለቴ ሄደ።

ያለፈው ማክሰኞ ሶልያና በእረፍት ሰዓት ዳቦ ስትገምጥ የፊት ጥርሷ ወለቀ። አስተማሪዋ ቲቸር ሰላም በሶፍት ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችላት። የክፍሉ ልጅ በሙሉ ተሰልፎ ክፍተቱን ጎብኝቷል።

እኔስ? እኔም ጎብኝቻለሁ! ያን ቀን ሳትተኛ ጠበቀችኝ። ጥርሱን ጣሪያ ላይ ካልወረወርነው አዲስ አይበቅልም አለችኝ። አራተኛ ፎቅ ላይ ሆኖ የማን ጣሪያ ይገኛል? በመስኮት ወረወርነው፣ የጥበቃዎቹ ቤት ቆርቆሮ ላይ ቋ ብሎ አረፈ። በሳቅ ሞትን። ሳምኳት፣ ተኛን።

ስኬጁሉስ?

ትዝም አላለኝ።

ከማክሰኞ ማታ እስከ ዓርብ ልጄ ሙሉ ጥርሷን ይዛ ግሩፑ ላይ ስታነብ ሰነበተች።

ዛሬ ቅዳሜ ደግሞ የወላጆች ቀን ነበር። ከነልጆቻችን ነው የተጠራነው። አዳራሹ ውስጥ ፕሮጀክተር ተሰቅሏል። ዳይሬክተሩ ከረባታቸውን አስረው ማይክ ያዙና፣ አምስት ሳምንት ሙሉ አንድም ቀን ሳታዛንፍ ቪዲዮ የላከች አርአያ የሆነች እናት አለችን አሉ።

የማንን ስም ጠሩ? የኔን!

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ነጠላዬን አስተካክዬ ተነሳሁ። የናታንን እናት በጎን ገላመጥኳት፣ ይህንንም አልደብቅም።

የሳምንቱ ቪዲዮዎች ግድግዳ በሚያክል ስክሪን ላይ ተራ በተራ መታየት ጀመሩ። ሰኞ፣ ጭብጨባ። ማክሰኞ፣ ጭብጨባ። ረቡዕም አለፈ። ሐሙስ ላይ ሜላት የምትባል የክፍል ጓደኛዋ ከፊት ረድፍ ተነሳች።

"የሶሊ ጥርስ እኮ ማክሰኞ ወልቋል!"

ስክሪኑ ላይ ልጄ በሙሉ ጥርሷ ፈገግ ብላለች።

የኔዋ ጉድ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ስሟ በመጠራቱ ደስ ብሏት ወንበር ላይ ወጣችና አፏን ከፍታ ክፍተቱን ለሕዝብ አሳየች። ማንም እንዳይቀርበት ዞራ ለኋለኞቹም አሳየች!

ሳቁን ልነግራችሁ አልችልም። አንድ አባት እንባውን ሲጠርግ አይቻለሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ዳይሬክተሩ ግን አልሳቁም። ይህ እንዴት ሆነ ብለው በማይክ ጠየቁኝ። ሁሉንም አወጣሁት። እሁዱን፣ መጋረጃውን፣ ሹራቦቹን። ክላሲካሉን ብቻ ዘለልኩት።

እሳቸውም ይህ ማጭበርበር ነው አሉ። የአምስት ሳምንቱ ማርክ ይሰረዛል፣ ተማሪዋ ሐሰተኛ ሥራ ማቅረቧም ፋይሏ ላይ ይጻፋል አሉ።

ተማሪዋ!

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። ለኔ ዜሮ ስጡኝ። ስሜን በቀይ ጻፉት፣ ለምጄዋለሁ። እናቷ ሹራብ ቀይሪ ስላለቻት የቀየረች የሰባት ዓመት ልጅ ግን አጭበርባሪ ተብላ አትጻፍም! ወንበሯ ላይ ቆማ የኔንና የሳቸውን ፊት ስታፈራርቅ አየኋት። ሳቋ ጠፍቷል።

"ልጄ አላጭበረበረችም" አልኳቸው። "እያንዳንዷን ገጽ አንብባለች። ያጭበረበርኩት እኔ ነኝ፣ እሱንም ቀኑን እንጂ ንባቡን አይደለም።"

ከዚያ አፌን ማን ይያዘው። አሥራ አንድ ተኩል ወጥቶ ሁለት ተኩል የሚገባ ወላጅ መቼ ነው የሚቀርጸው? ልጁን ከእንቅልፉ ቀስቅሶ? ይህን ሕግ ያወጣ ሰው አንድ ቀን እንኳ ከአባዶ ታክሲ ተሳፍሮ ያውቃል? ከኋላ አንዱ እውነቷን ነው አለ። ሌላው አባት እኛም ቅዳሜ ነው የምንቀርጸው ብሎ አጉረመረመ። አንዲት እናት አንገቷን ደፋች። የናታን እናት መሬት መሬት ታያለች!

በኔና በእናንተ መካከል ያለው ልዩነት የልጆቻችሁ ጥርስ ጠንካራ መሆኑ ብቻ ነው አልኳቸው።

ጭብጨባ! ለኔ!

እዚህ ላይ ብቀመጥ ጀግና ነበርኩ። መች ተቀመጥኩ። ካላመናችሁ መጽሐፍ ስጧትና እዚሁ ታንብብላችሁ አልኩ።

ለምን? ማን ጠየቀኝ?

ቲቸር ሰላም መጽሐፉን ይዛ መጣችና ገና ያልደረሱበትን ገጽ ገለጠችላት። ሶልያና ጣቷን ፊደሉ ላይ አሳርፋ ጀመረች። አንድ ቃል። ሁለት ቃል። ሦስተኛው ላይ ቆመች።

ቆመች ስላችሁ፣ ቆመች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። ቃሉን ላቀብላት አፌን ስከፍት ቲቸር ሰላም ተዪ እንደማለት እጇን አነሳችብኝ። ጠበቅን። ቃሉ ተቆራርጦ ወጣ። ቀጠለች፣ ሌላ ቃል ላይ ደግሞ ቆመች። አራት መስመር ናት ገጿ። ጨረሰቻት፣ አዎ፣ ጨርሳለች። ግን ስክሪኑ ላይ ስትንቆረቆር የነበረችው ልጅ አልነበረችም።

ማንም አልሳቀም። ከሳቁ የባሰው ይሄ ነበር።

ዳይሬክተሩ ራሳቸው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ በፋይሏ ላይ ምንም አይጻፍም አሉ። ለኔ ዜሮዬን ሰጡኝ። ተቀበልኩ።

ሲያልቅ ቲቸር ሰላም ወደ ጥግ ወሰደችኝ። ትቆጣኛለች ብዬ ክርክሬን አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ስለ ጥርሱ ማክሰኞ ማታውኑ አውቃለች፣ በሶፍት የጠቀለለችው እሷ አይደለችም እንዴ! እሁድ መቀረጹም አላናደዳትም። ያሳሰባት ሌላ ነው። ሶልያና ክፍል ውስጥ አንብቢ ስትባል ዝም ትላለች። ቪዲዮው ላይ ግን እንደ ውኃ ትወርዳለች። ስለዚህ ቲቸር ሰላም ልጅቷ ማንበብ ትችላለች፣ የምትፈራው እኔን አስተማሪዋን ነው ብላ ደምድማለች። አምስት ሳምንት ሙሉ ፍርሃቷን ልታስለቅቃት ስትታገል ኖራለች። ፊት ወንበር አስቀምጣታለች፣ መዝሙር አስመርታታለች፣ ተረት ነግራታለች።

"የሶልያና እናት፣ እኔ የምፈልገው እኮ እርስዎ የቆረጡትን ነበር" አለችኝ።

ያዘጋጀሁትን ክርክር ተውኩት። የሚያውቀኝ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ከዚያ ልጄን ይዤ እንጦጦ ፓርክ ወጣሁ። ቪዲዮው ሲያልቅ እንሄዳለን እያልኩ አምስት እሁድ ሳልወስዳት የቀረሁበት ቦታ ነው። እሷ ልጆች መጫወቻው ጋ ሮጠች፣ እኔ ባሕር ዛፎቹ ሥር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ኢርፎኔን ሰካሁ። ያልተቆረጡት ቪዲዮዎች ስልኬ ላይ አሉ። የጣልኩትን ብቻ እየፈለግኩ ሰማሁ።

እሷ ስትንተባተብ እሰማለሁ ብዬ ነበር። እሱም አለ።

ግን አብዛኛው እኔ ነኝ!

"ቶሎ በይ!" "አይደለም፣ እንደገና!" "ናታን እንዲህ ነው የሚያነበው?" አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ማሚ፣ ይሄ ቃል ምን ማለት ነው ትለኛለች። ልጅ ያነበበው ነገር እንዲገባው ፈልጎ ይጠይቃል እንግዲህ። የኔን መልስ ስሙልኝ፦ "ትርጉሙን ተዪው፣ አንብቢው፣ ሁለት ሹራብ ይቀረናል!"

አፈርኩ። አዳራሹ ውስጥ እንደዚህ አላፈርኩም። ሰማንያ ሰው ሲስቅብኝ ለራሴ የምከራከርበት ነገር ነበረኝ፣ እዚህ ምን ልበል? ልጄን ከሳምንት እስከ ሳምንት የማገኛት በዚያች ከሰዓት ብቻ ነው፣ እሷንም በቶሎ በይ ጨረስኳት።

ሁሉንም ለቲቸር ሰላም ላክሁላት፣ አንድም ሳልቆርጥ። ከነድምፄ። ቁጭ ብላ ስትሰማ እግዜር ይርዳት።

ግን ተሸንፋለች እንዳትሉ! ትምህርት ቤቱም ይህን እያነበበ ከሆነ ልብ ይበል። ነገም እሁድ ነው፣ ነገም እቀርጻለሁ። አምስቱንም! በአንድ ሹራብ፣ መጋረጃ ተከፍቶ፣ ዛሬ እሁድ ነው ብዬ በድምፄ ተናግሬ። የምትቆምበት ይቆማል፣ የምንጠብቅበት ይጠበቃል። በቀይ ጻፉኝ። ሥራዬን የምለቅላችሁም፣ ልጄን ከእንቅልፏ የምቀሰቅስላችሁም አይደለሁም።

ከፓርኩ ልንወጣ ስንል ሶልያና አንድ ሰሌዳ ፊት ቆመች። አበባ መቅጠፍ ክልክል ነው ይላል። ማንም አንብቢ አላላትም። ጣቷን ዘርግታ ጀመረች።

ሁለተኛው ቃል ላይ ቆመች።

ምላሴን ነከስኩ። በእግዜር፣ ነከስኩ! ከኋላችን ሰዎች መጡ፣ ጠበቁ፣ ዞረውን ሄዱ። ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ደርሷል፣ ዋጥኩት። እሷ መ አለች፣ መቅ አለች፣ ተወችው፣ ከመጀመሪያው ተነሳች። ከዚያ አራቱንም ቃል ጨረሰችና ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ በሩ ሮጠች።

ስልኬ እጄ ላይ ነበር። አልቀረጽኩም። ማስረጃ የለኝም። ያላችሁ የኔ ቃል ብቻ ነው፣ የኔ ቃል ስንት እንደሚያወጣ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ሰማንያ ሰው አይቷል።

ታምኑኛላችሁ?