ለፀሐይ የወጣው አልጋ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ለማለት አትቸኩሉ፤ በዛሬው ተረቴ ላምም በረትም የለም። ያለው አንድ ጫካ፣ ከጫካው በታች አንድ ገደል፣ በገደሉም ውስጥ የተጣለ የዕቃ ክምር ነው።

የዚያ ጫካ እንስሳት ከድህነት ይልቅ ድሃ መባልን ይፈሩ ነበር። የአንዱ በርጩማ እግሩ ከተነቃነቀ፣ የሌላው መሶብ ጠርዙ ከተፈታ፣ መጠገን ነውር ስለሆነ ወደ ገደል ይወረውሩታል። ሲወረውሩም ጎረቤት እንዲሰማ «ኧረ ይሄ አሮጌ ዕቃ ቤቱን አጣበበው!» ይላሉ። ከዚያ ቤታቸው ገብተው መሬት ላይ ቁጭ ብለው ይበላሉ። ማን ያያቸዋል? በራቸውን ዘግተው ነዋ!

በዚህ ጫካ እመት ጃርት የምትባል፣ ባሏ የሞተባት እናት ነበረች። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች አንዲት ልጅ ነበረቻት። ልጅቷን ከወንዝ ማዶ ያሉ ጃርቶች ለልጃቸው ጠየቋት። ታዲያ በጃርቶች ወግ ጎጆ የምታወጣው የሙሽሪት እናት ናት፤ አልጋ፣ መሶብና በርጩማ ከሌለበት ቤት ደግሞ ሙሽራ አይገባም። እመት ጃርት ከጀርባዋ እሾህ በቀር ሀብት አልነበራትም። ስለዚህ ወደ ገደሉ ወረደች።

ስትለቅም ያያት ሁሉ ሳቀባት። ጦጢት ዛፍ ላይ ሆና «እመት ጃርት፣ ለእራት ምን አገኘሽ?» ትላታለች። እመት ጃርት አፈረች፤ ማፈር ግን ልጅ አይድርም። ከጀርባዋ እሾህ እየነቀለች የበርጩማውን እግር ቸነከረች። የመሶቡን ጠርዝ በሣር ሰፍታ በእሾህ አያያዘችው። ጠፍሩ የተበጣጠሰውን ትልቅ አልጋም በእሾህ እየቸነከረች ወጠረችው። እሾህ ከገላ ሲነቀል ያማል፤ እሷ ግን አንድ ጎኗ ራቁቱን እስኪቀር ነቀለች።

የሠርጉ ቀን እንግዶቹ ጎጆውን ለማየት ገቡ። «ወይ ሙያ! እንዲህ ያለ አልጋ ደግሞ ከየት መጣ?» እያሉ አልጋውን ዳበሱ፣ በርጩማው ላይ ተቀመጡ፣ የመሶቡን ክዳን ከፍተው ዘጉ። እመት ጃርት ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አላት። አያ ጅቦ ግን አልጋውን ሲያሸት ቆየና የራሱን ጠረን አገኘበት።

«ይሄማ የኔ አልጋ ነው!»

«አያ ጅቦ፣ ጥለኸው እኮ ነው ያነሣሁት» አለች እመት ጃርት።

«እኔ? እኔ አልጋ የምጥል ነኝ? ፀሐይ ይምታው ብዬ ነው ያወጣሁት!»

ጦጢትም መሶቡን እቅፍ አድርጋ «እኔም ነፋስ ያግኘው ብዬ ነበር» አለች። ከርከሮ ከተቀመጠበት በርጩማ ሳይነሣ «እኔም» አለ። ሌላ ምክንያት ማሰብ ስላቃተው ነው።

«ሦስት ክረምት ሙሉ ፀሐይ ሲሞቅ ነበር?» ብላ ጠየቀች እመት ጃርት። ወዲያው ጉባኤ ተጠራ።

ዳኛው ጋሽ ዝንጀሮ ሲመጣ መቀመጫ ተፈለገ። ሁሉም የራሱን ገደል ስለከተተ በጫካው ሌላ መቀመጫ አልተገኘም፤ ከሙሽሮቹ ጎጆ በርጩማው ወጣለት። ዳኛው ተደላድሎ ተቀመጠና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ዕቃውን የት አገኘሽው?»

«ገደል ውስጥ፣ ጌታዬ።»

«ገደሉ የማን ነው?»

«የማንም አይደለም፣ ጌታዬ።»

«የማንም ካልሆነ የሁላችን ነው። የሁላችን ከሆነ ያንቺ አይደለም።»

እንስሳቱ በነገሩ ጥልቀት ተደነቁ። አብልጠው ያጨበጨቡት ምንም ያልገባቸው ነበሩ።

ዳኛው ቀጠለ፦ «ዕቃው ለየባለቤቱ ይመለስ። ጉባኤያችን ግን ግፍ አይወድም፤ እመት ጃርትም የራሷ የሆነ ነገር ካለበት ትውሰድ።»

እመት ጃርት ልጇን አየቻት። ሙሽሪት አንገቷን ደፍታ ታለቅሳለች፤ አማቾቿም እርስ በርስ ይተያያሉ። 

«እሺ ጌታዬ፣ የራሴን እወስዳለሁ» አለችና ከዳኛው በርጩማ ጀመረች። አንዱን እሾህ ስትነቅል ዳኛው አጋደለ፤ ሁለተኛውን ስትነቅል ያ የተከበረ ቀይ ቂጡ አፈር ላይ አረፈ። ከመሶቡ ነቀለች፤ መሶቡ ተተረተረ። ከአልጋው ነቀለች፤ ማንም እንዳይነካበት ተጋድሞበት የነበረው አያ ጅቦ ጠፍር ተጠምጥሞበት ወደቀ።

«ኧረ ንብረታችንን አጠፋች! ደህናውን ዕቃ ሰባበረችብን!» ብለው ጮኹ።

ስብርባሪውን ግን ማንም ቤቱ አላስገባውም። የተሰበረ ዕቃ ተሸክሞ መታየት ነውር ነዋ! ወደየቤታቸው ሲሄዱ እዚያው ገደል ውስጥ እየወረወሩት አለፉ። ጉባኤውም የጋራ ንብረት እንዳይሰረቅ ብሎ ገደሉ አፋፍ ላይ ዘበኛ አቆመ። ዘበኛ ሆኖ የተመረጠው አያ ጅቦ ነው።

አማቾቹም «ልጃችንን ባዶ ቤት አናስገባም» ብለው ሙሽራውን ይዘው ወንዙን ተሻገሩ።

በማግስቱ እናትና ልጅ ከሩቅ ሆነው ቁልቁል አዩ። ዝናብ ያካፋል፤ አልጋው ገደሉ ውስጥ እግሩን ሰቅሎ ተጋድሟል።

«እማ» አለች ልጅቷ እንባዋን እየጠረገች፣ «ዘበኛው ሲያንቀላፋ ወርደን እንደገና ብንለቅመውስ?»

«መልቀሙስ አያቅተንም» አለች እመት ጃርት፣ የተራቆተ ጎኗን ብርድ እየቆጠቆጣት። «ግን የተሰበረ ዕቃ ጌታ የለውም፤ የተጠገነ ዕለት መቶ ጌታ ይነሣበታል። ዕቃ ቢጣል ይነሣል ልጄ፤ እፍረት ሲጣል ግን የወደቀበትን እንኳ የሚያውቅ የለም።»