የመምሪያ ኃላፊው ክብደት በጨረቃ ላይ

ክብደት ለማንም አይሰጥም። በመሥሪያ ቤታችን የተሰጠው ለአንድ ሰው ብቻ ሲሆን እሳቸውም የመምሪያ ኃላፊያችን ናቸው። በሚዛን የሚታወቀውን ክብደት ማለቴ አይደለም፤ እሱም ቢሆን ከማንም አያንስም። እኔ የምለው በኮሪደር ሲያልፉ ሰውን ከግድግዳ ጋር የሚያጣብቀውን፣ ስልክ ጠርቶ ጠርቶ ሊዘጋ ሲል ብቻ የሚያነሳውን ክብደት ነው። ሳቅ ሰውን ያቀላል ብለው ስለሚያምኑ ሳቅ በመጣባቸው ቁጥር ይስላሉ። ቀልዱ እንደገባቸው የምናውቀው በሳላቸው ነው። ይህን ሁሉ የምመሰክረው ባለቤታቸው እህቴ ስለሆነች አይደለም። እኔ የተቀጠርኩት በውድድር ነው።

ባለፈው ቅዳሜ እህቴ ሆስፒታል ተረኛ ሆነች፤ ነርስ ናት። በዚህም ምክንያት የስድስት ዓመቷን ልጃቸውን ወደ ሳይንስ ሙዚየም የመውሰዱ ከፍተኛ ኃላፊነት በኃላፊው ጫንቃ ላይ ወደቀ። ልጅቷ ወሩን ሙሉ ስትነዘንዝ የከረመችው ለአንድ ነገር ነው። እዚያ «የጨረቃ ክፍል» የሚሉት አለ። ወለሉ ያነጥራል፣ ከጣሪያው የተንጠለጠለ ላስቲክ ወገብ ላይ ይታሰራል፣ የገባ ሰው ጨረቃ ላይ እንዳለ ሁሉ ቀስ ብሎ ይነሳና ቀስ ብሎ ይወርዳል። ሕፃን ያለ ትልቅ ሰው አይገባም። የክፍሏ ልጆች ከአባቶቻቸው ጋር ዘለው ጨርሰዋል፤ የቀረችው እሷ ነች። ኃላፊያችን ጥያቄዋ በመርህ ደረጃ ተቀባይነት ማግኘቱን ገለጹላት፤ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ከረባታቸውን አስረው ወጡ።

በሩ ላይ ትኬት ቆራጯ ስንት እንደሆኑ ጠየቀች። ኃላፊው ማንነታቸውን ለመግለጽ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ ልጅቷ «እኔና አባዬ» ብላ ቀደመቻቸው። ሁለት ትኬት ተቆረጠ፤ የአቀባበል ሥነ ሥርዓቱም በዚሁ ተጠናቀቀ።

ውስጥ ገብተው ፀጉር የሚያቆመውን የኤሌክትሪክ ኳስ ጎበኙ። ልጅቷ እጇን ጫነችበትና ፀጉሯ ብትን ብሎ ቆመ። እሳቸው የራሳቸው ፀጉር ያለ ፈቃዳቸው እንዲነሳ ስላልፈለጉ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አለፉ። ቀጥሎ ጠማማ መስታወቶች ተደርድረዋል። የመጀመሪያው ቀጭን አድርጎ አሳያቸው፤ የቴክኒክ ችግር እንዳለበት ተናግረው ተሻገሩት። ሁለተኛው ግን ትከሻቸውን የበር ያህል አሰፋው። እዚያ ፊት ከረባታቸውን እያስተካከሉ ብዙ ቆዩ፤ ልጅቷ ኮታቸውን ጎትታ ነው ያላቀቀቻቸው።

እንግዲህ ነገር የመጣው ከጨረቃው ክፍል በር አጠገብ ካለው ሚዛን ነው። ሰው ይወጣበታል፣ የመሬትን፣ የጨረቃን ወይም የሌላ ፕላኔትን አዝራር ይጫናል፣ ሚዛኑም እዚያ ስንት ኪሎ እንደሚሆን ያሳያል። ልጅቷ መሬት ላይ አሥራ ዘጠኝ ኪሎ ሆነች። ኃላፊው ተከትለው ወጡ፤ ዘጠና ስድስት። ቁጥሩን የሹመት ደብዳቤ እንደሚያነቡ ሁሉ ረጋ ብለው አነበቡት። ይህን ጊዜ ልጅቷ የጨረቃን አዝራር ተጫነች። አሥራ ስድስት።

«አባዬ ቀለለ» አለች፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ። «ከኔም ቀለለ።»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። በሥራ ዘመናቸው ሙሉ እንዲህ ያለ ቃል ተነግሯቸው የማያውቅ ኃላፊያችን፣ የሳቀውን ሰው በዓይናቸው ሊቀጡ ዞር አሉ። ዞር ሲሉ የሳቁት የመሥሪያ ቤታችን ዋና ዳይሬክተር ሆነው ተገኙ፤ የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው ተሰልፈዋል።

ዋና ዳይሬክተራችን ታላቅ ሰው ናቸው፤ ነፋስ ሲበረታ ግን መስኮት ይዘጋላቸዋል። እሳቸውም በተራቸው ሚዛኑ ላይ ወጡ፤ ኀምሳ ስምንት ኪሎ። በዚህም በመሥሪያ ቤታችን ታሪክ ከባድ የሚባለው የሥነ ሥርዓት ጥሰት ተፈጸመ፦ የበታች ከበላዩ በሠላሳ ስምንት ኪሎ በልጦ ተገኘ። ኃላፊው ላብ አጠመቃቸው። ነገር ግን ሰውየው በከንቱ ኃላፊ አልሆኑም፤ ዘለው የጁፒተርን አዝራር ተጫኑ። መቶ አርባ አምስት።

«እርስዎማ እዚህ ነው መመዘን ያለብዎት፤ መሬት አትመጥንዎትም» አሉ።

«አንተስ?»

«እኔ ጨረቃው ይበቃኛል።»

የሥልጣን ተዋረዱ ወደ ቦታው ተመለሰ። ሁለቱም ተነፈሱ።

የጨረቃው ክፍል ተቆጣጣሪ፣ አንዲት ወጣት ሴት፣ በሩን ከፍታ ተረኞቹ እንዲገቡ ጠየቀች። ዋና ዳይሬክተሩ ለኃላፊው ግባ አሏቸው። ኃላፊው በፍጹም፣ እርስዎ ይቅደሙ አሉ። ነገሩ ላይ ላዩን ጨዋነት ይመስላል እንጂ ጥልቅ ነው። ከአለቃ ቀድሞ መዝለል አንድ ጥፋት ነው፤ ከአለቃ ከፍ ብሎ መዝለል ደግሞ የባሰ። ዘጠና ስድስት ኪሎ ሰው እዚያ ወለል ላይ ምን ያህል እንደሚነጥር ዋስትና የሚሰጥ የለም። ዋና ዳይሬክተሩም በበኩላቸው የሚያዙት ሰው እያየ በላስቲክ መንጠልጠሉ አልጣማቸውም። ስለዚህ በዕድሜ፣ በማዕረግ፣ ወደ ሙዚየሙ ቀድሞ በመግባት፣ በሁሉም ተከራከሩ። ዋና ዳይሬክተሩ እዚህ እንግዳ ነኝ ብለው ሊያመልጡ ሲሉ፣ ኃላፊው እንግዳማ ይቀድማል ብለው ያዟቸው።

ልጅቷ «አባዬ፣ አብረን እንግባ» አለች።

«ትንሽ ታገሺ የኔ ልጅ፤ ትልቅ ሰው ይቅደሙ።»

ታገሠች። ከኋላቸው የነበሩ አባቶችና ልጆች ይቅርታ እያሉ በመሃላቸው አልፈው ገቡ፣ ዘለው ወጡ፤ ሌሎችም ገቡ። ልጅቷ የአባቷን እጅ አጥብቃ ይዛ አንዴ በሩን፣ አንዴ እሳቸውን ታያለች። ኃላፊው ግን አለቃን በአንድ እጅ ይለፉ ማለት ነውር መሆኑ ታወሳቸው። በሩን በሁለት እጃቸው ለማሳየት ብለው የልጅቷን እጅ ለቀቁ። ዋና ዳይሬክተሩም አጸፋውን ለመመለስ የልጅ ልጃቸውን እጅ ለቀቁ።

ተቆጣጣሪዋ ሁለት ሕፃናት ብቻቸውን ቆመው አየች። ሰው የላችሁም ወይ ብላ ጠየቀች። ልጅቷ ሰው እንዳላቸው፣ ግን ስብሰባ ላይ እንደሆኑ ነገረቻት። ወጣቷም ጫማዋን አወለቀችና ሁለቱን ይዛ ገባች። ብዙም ሳይቆይ ከውስጥ ጩኸትና ሳቅ ተሰማ። በሩ ላይ ያሉት ሁለት ታላላቅ ሰዎች ጫጫታው ስለረበሻቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መጋበዛቸውን ቀጠሉ።

የመዝጊያው ደወል ሲደወል ልጆቹ ፀጉራቸው በላብ ተጣብቆ ወጡ። ዋና ዳይሬክተሩ ግዳጁ ለሌላ ጊዜ መተላለፉን በታላቅ እፎይታ አስታውቀው የልጅ ልጃቸውን ይዘው ሄዱ። ኃላፊያችን እስኪሰወሩ ድረስ ቀጥ ብለው ቆሙ። ከዚያ ግራ ቀኝ ገልመጥ አሉ፤ ማንም አልነበረም። ኮታቸውን አወለቁ፣ ከረባታቸውን ፈቱ፣ ጎንበስ ብለውም የጫማቸውን ማሰሪያ መፍታት ጀመሩ።

«በይ ነይ፣ አሁን እንግባ» አሉ።

«ተዘጋ እኮ አባዬ።»

ሳትቆጣ፣ እንዲያውም እያባበለቻቸው ነው ያለችው። ኃላፊያችን ክብደታቸው ሙሉ በሙሉ እንደተጠበቀ ወደ ማሰሪያቸው ተመለሱ። መልሰው ለማሰር ብዙ ጊዜ ፈጀባቸው።

እህቴ እራት ልንቀርብ ስንል ከሥራ ደረሰች፤ እኔም ተጋብዤ ነበር። ኮቷን ሳታወልቅ ልጇን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ጨረቃው እንዴት ነበር አለቻት። ልጅቷ ጣሪያውን ልትነካ ምን ያህል እንደቀራት በጣቷ አሳየች። ከማን ጋር እንደዘለለች ስትጠየቅም ከአንዲት ሴትዮ ጋር መሆኑን፣ ሴትዮዋ በጣም ጎበዝ መሆኗን ተናገረች።

«አባትሽስ?» አለች እህቴ።

ኃላፊው ወጥ ለመጨለፍ ያነሱት ጭልፋ እጃቸው ላይ ቀረ። ልጅቷ አባቷን አየት አደረገቻቸው፤ ልታሳጣቸው እንዳልፈለገች ያስታውቃል።

«አባዬማ» አለች፣ «ሥራ ገብቶ ነበር።»