ግልጽ ውይይት ጠርቼ ግምገማ መጣብኝ

ይህ ነገር ለፖስት ይበቃል ወይ ብዬ ከገበያ ከተመለስኩ ጀምሮ ሳመነታ ነበር። ማንም አልሞተም፣ ማንም አልተዳረም። ግን ዛሬ የደረሰብኝን ብነግራችሁ አታምኑም፤ የጂንካ ገበያ በሙሉ ስቆብኛል! ከሌላ ሰው ከምትሰሙት ከእኔው ስሙት።

እንደምታውቁት የማኔጅመንት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። (አዎ፣ በየፖስቱ እንደምናገረው አውቃለሁ።)

እህቴ ሜሮን ደግሞ እዚሁ ጂንካ አንድ ሆቴል ውስጥ ሱፐርቫይዘር ናት። ሰሞኑን ጭንቅ ላይ ነበረች። ወጥ ሠሪዋ እትዬ ዘነበች «ወይጦ መንገድ ዳር አዲስ ምግብ ቤት ተከፍቶ ጠርተውኛል፤ ከቅዳሜ በኋላ አልመጣም» አሏት።

ለምን? «ምንም። እንዲሁ ነው።»

እትዬ ዘነበች ከሄዱ ለሆቴሉ ምን ይቀረዋል? አልጋ!

«ለምን በግልጽ አይነግሩኝም?» እያለች ሜሮን ስታለቅስ እኔ ምን አልኩ? «ችግሩ የኦፕን ኮሙኒኬሽን እጥረት ነው። ለእኔ ተዪው።»

አልኩ! በዚህ አፌ!

ሐሙስ ከምሳ በኋላ እንግዳ ቀለል ሲል ሠራተኛውን ሰበሰብኩ። ወንበር ደረደርኩ። ከፊት ጠረጴዛ አስቀመጥኩ። የታሸገ ውሃ፣ ወረቀት፣ እስክሪብቶ። ሜሮንን ከጎኔ አስቀምጬ ጉሮሮዬን ጠረግሁና «የዛሬው መድረክ ዓላማ ጥንካሬና ድክመታችንን በግልጽ መወያየት ነው» አልኩ።

እስቲ ፍረዱኝ፤ ይህ ምን ይመስላል?

ግምገማ! በእኛ አገር ጠረጴዛ፣ እስክሪብቶና «ጥንካሬና ድክመት» አንድ ክፍል ውስጥ ከተገናኙ ሌላ ስም የላቸውም። እዚያ ከተቀመጡት ብዙዎቹ በቀበሌም በመሥሪያ ቤትም በግምገማ ያለፉ ናቸው። ሥርዓቱን ያውቁታል፦ ሌላው ሳይጀምርህ ቀድመህ ግለ ሂስ ታደርጋለህ፤ አለቃህን ታመሰግናለህ፤ ትቀመጣለህ።

መጀመሪያ የተነሡት ዘበኛው ጋሽ ደምሴ ናቸው። ኮፍያቸውን አወለቁ። «በእኔ በኩል እንቅልፍ ያሸንፈኛል። አርማለሁ። ኃላፊያችን ግን ጠንካራ ናት።»

አስተናጋጇ ቀጠለች። «ፈገግታ ይጎድለኛል። አሻሽላለሁ። ኃላፊያችን ጠንካራ ናት።»

እኔ እጽፋለሁ!

እትዬ ዘነበች ተነሡ።

«እኔ ጨው ይበዛብኛል።»

ጨው! ከቱርሚ የሚመለስ ሾፌር ሁሉ ሆዱን ባዶ አድርጎ የሚደርስለት ወጥ!

«ኃላፊያችንስ?» አልኩ።

«ጠንካራ ናት» ብለው ተቀመጡ።

ሜሮን ፊቷ በራ። «አየህ? ምንም ችግር የለም!» አለችኝ በሹክሹክታ። ቅዳሜ ግን እየመጣ ነበር።

ሲጨንቀኝ የመምህራችን ምክር ትዝ አለኝ፦ ትችት የሚፈልግ ሰው ከራሱ ይጀምር። «እሺ፣ እኔን ተቹኝ! አልቀየምም» አልኩ።

ጋሽ ደምሴ እስክሪብቶዬን በአገጫቸው አመለከቱ። «የሜሮን ወንድም፣ የሚጽፍ ሰው ፊት ማን ይናገራል?»

እስክሪብቶውን ኪሴ ከተትኩ። ወረቀቱን ቀደድኩ። ጠረጴዛውንም ወደ ግድግዳ ገፋሁት።

ያኔ መዓቱ ወረደ!

«ሳምንቱን ሙሉ ‹ጥናት› ብለህ የወጥ ቤቱ በር ላይ ትገተራለህ!» አለች አስተናጋጇ። «ትሪ ይዤ በጎንህ ስሾልክ ወገቤ ተቆረጠ!»

«እኔንማ በር ላይ ቆሜ ‹ምን ይሰማዎታል?› ሲለኝ፣» አሉ ጋሽ ደምሴ፣ «ሐኪም የላከው መስሎኝ ደንግጬ ነበር!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ?

«እሱስ ቢያንስ መልሱን ቆሞ ይሰማል» አሉ እትዬ ዘነበች። «እኔን የቸገረችኝ እህቱ ናት። ‹እትዬ፣ ምን ጎደለ?› ትለኛለች፤ አፌን ስከፍት ጀርባዋ ኮሪደር ላይ ነው። መልሴን ለድስቱ ነግሬ ነግሬ ሰለቸኝ። ከድስት ጋር ለማውራትማ የወይጦ ድስትም ድስት ነው!»

ሳቁ ጠፋ።

ልክ ያኔ የሜሮን ስልክ ጮኸ። እንደ ልማዷ ብድግ አለች። ሁሉም አያት። ሁሉም እንዳያት እሷም አየች።

ስልኩን ዘግታ ተቀመጠች። «እሺ እትዬ። ምን ጎደለ?»

ተናገሩ፦ አልከፈት ብሎ በጭስ የሚያፍናቸው የወጥ ቤት መስኮት፣ ሳይነገራቸው ድንገት የሚደርስ የቱሪስት ግሩፕ፣ እንግዳ ፊት የሚወርድባቸው ቁጣ። ሜሮን አንድ ጊዜ ብቻ «ግን እኮ…» ብላ ጀምራ አፏን በእጇ ያዘች። ስለ ቁጣው ይቅርታ ጠየቀች። ለመስኮቱ አናጢ እንደምትጠራ ነገረቻቸው።

«እስከ ቅዳሜ አያለሁ» አሉ እትዬ።

ይኸው ቅዳሜ! አዲስ ሸሚዝ ለብሼ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ገበያ ወጣሁ። (ከመካከላቸው አንዲት ልጅ ነበረች፤ ዝርዝር አትጠይቁኝ።)

ከሽንኩርት ተራ ጩኸት ተሰማ። «ግምገማ! አንተ ግምገማ! ና ይህን ሽንኩርት ተሸከምልኝ!»

እትዬ ዘነበች! ከካኮ የመጡ ነጋዴዎች ሳይቀሩ ዞረው አዩኝ። ልጅቷ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከእንግዲህ እስክመረቅ ስሜ ይኸው ነው።

ተሸከምኩ። ሸሚዙን እርሱት። «እትዬ፣ ይህ ሁሉ ለወይጦ ነው?» አልኩ ፈራ ተባ እያልኩ።

«የምን ወይጦ? መስኮቱ ተሠርቶልኝ የለ እንዴ! ይህ ለሰኞ ግሩፕ ነው። እህትህ ቀድማ ነገረችኝ። ያውም ቆማ!»

መምህሬ፣ ይህን ካነበቡ፦ ያስተማሩን የኦፕን ኮሙኒኬሽን ቻፕተር ትክክል ነው፤ ጠረጴዛው ነው የበዛው። እናንተ ግን ንገሩኝ፤ ያን ሁሉ ወንበር የደረደርኩት ልሰማ ነው ወይስ ልታይ? ኮሜንት ላይ ተቹኝ። እስክሪብቶ አልያዝኩም!

ጉዳዩ የተዘጋው ዛሬ፣ ቅዳሜ ግንቦት 9 ቀን ነው።