የሲስተር መስኮት የተዘጋ ቀን

ድሬ ዳዋ ውስጥ ስለ ሙቀት የሚያማርር ሰው ካጋጠማችሁ ጠርጥሩ፤ ወይ እንግዳ ነው፣ ወይ ሚስቱ ታማበታለች። እኛ ሙቀቱን እንደ ቤተ ዘመድ ነው የያዝነው። ሲመጣ ቦታ እንለቅለታለን፣ እስኪሄድ ቤታችን ገብተን ጋደም እንላለን። ከስድስት ሰዓት በኋላ እዚህ ከተማ ሥራ ላይ የምትገኘው ፀሐይ ብቻ ናት። ለአዲስ አበባ ሰው ይህን ስነግረው ስንፍና ነው ይለኛል። ይበል። አንድ ግንቦት እዚህ ይሰንብትና እንጠያየቃለን።

የመኪና ነገር ሲሆን ደግሞ መድኃኒታችን መስኮት ነው። የድሬ ሰው አራቱንም መስኮት ከፍቶ፣ ክንዱን ወደ ውጭ ጥሎ ነው የሚነዳው። ነፋሱ እንኳ ሰበብ ነው፤ ዋናው ጉዳይ ሰላምታው ነው። ከእኛ ሰፈር ከሳቢያን ተነስታችሁ የመጋላን ገበያ እስክታልፉ በመስኮት የማይገባ እጅ የለም። አንዱ ይጨብጣችኋል፣ አንዷ ማንጎ ታቀብላችኋለች፣ ትናንት አብሯችሁ ያመሸው ደግሞ «ዋርያ! የት ጠፋህ?» ይላችኋል። መስኮቱን ዘግቶ የሚያልፍ ሰው እኛ ዘንድ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የኮራ ነው። ሁለተኛውን ቆየት ብዬ እነግራችኋለሁ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የመጋዘን ሠራተኛ ነኝ፤ የሚያውቀኝ ሰው ብዙም የለም። ባለቤቴ ሰናይት ግን አዋላጅ ነርስ ነበረች። መጋላ ውስጥ ዛሬ ጢም ያበቀለውን ወንድ ሁሉ እርጥብ ሆኖ የምታውቀው እሷ ናት። ከተማው በሙሉ «ሲስተር» ይላታል፣ እኔን ደግሞ «የሲስተር ባል»። ቅር ብሎኝ አያውቅም። ማዕረግ ማዕረግ ነው።

ባለፈው ዓመት ሲስተር ታመመች። የበሽታውን ስም አልጠራላችሁም፤ እኔና እሱ ተኳርፈናል። ሐኪሞቹ በጉሉኮስ የሚገባ መድኃኒት አዘዙላት፤ ጠዋት ገብታ ቀትር ላይ ትወጣለች። መድኃኒቱ ያቅለሸልሻታል። ያኔ ነው እንግዲህ ከልጆቻችን የምትበልጠው ሰማያዊ መኪናችን ፀሐይ ላይ ስትጋገር ቆይታ የምትቀበላት። መኪናዋ ኤሲ አላት፣ አልዋሽም። ቁልፉን ስትጫኑት መብራቱ ይበራል። ከመብራቱ በቀር ሌላ ነገር አይጠበቅባትም። በተከፈተው መስኮት የሚገባው ነፋስም ቀትር ላይ ከምድጃ አፍ የወጣ ነው። ሲስተር መንገዱን ሙሉ ፌስታል አፏ ላይ ይዛ እያስመለሰች ትገባለች፤ በመስኮት ሰላም የሚሏትን ደግሞ በሌላ እጇ ሰላም ትላለች።

አንድ ቀን ቤት እንደገባን ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ፣ «በቃ አልሄድም» አለችኝ። «መድኃኒቱንስ ችዬዋለሁ። መንገዱን ግን አልቻልኩትም።»

ክው አልኩ። ሐኪሙ መሐል ላይ ማቋረጥ እስከ ዛሬ የተደከመበትን ሁሉ ገደል መክተት ነው ብሎናል። ኤሲ ያለው መኪና ኮንትራት ልያዝልሽ ብላት፣ «በሰው መኪና ውስጥ እያስመለስኩ? ሞቼ ነው!» ብላ ሙጭጭ አለች። ስንት ሰው ምጥ ላይ እያለ የረገጣት፣ የሰደባት፣ ልብሷን ያበላሸባት ሴት የሰው ወንበር እንዳላበላሽ ብላ ልትሞትብኝ ነው! አንጀቴን በላችው፤ ደግሞም አናደደችኝ።

ቀጠሮዋ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው መኪናዋን ይዤ መጋላ፣ ጉሌድ ዘንድ ሄድኩ። ጉሌድ የመኪና ኤሲ ይሠራል፤ ጋራዡ ከእናቱ ከፋዱማ ሱቅ ጀርባ ነው። ኮፈኑን ከፍቶ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«አቦ፣ ይቺ የምትጠጣው ጋዝ እኮ አሁን የለም። ሰማዩን ይበሳል ብለው ከልክለውታል።»

ቀና ብዬ ሰማዩን አየሁት። ፀሐይዋን አይቼ አመንኩ።

«ታዲያ አዲሱን ሙላልኛ።»

«መሙላቱማ ቀላል ነው። የድሮው ዘይት ከአዲሱ ጋዝ ጋር አይስማማም። ታጥቦ መውጣት አለበት። መጋጠሚያ ላይ ያሉት ጎማዎች ይቀየራሉ፣ ማጣሪያው ይቀየራል። ዝም ብዬ ብሞላልህ ኮምፕሬሰሩ ነክሶ ይቆማል፤ ከዚያ ብትለምነኝም ዋጋ የለውም። ሳምንት ተመለስ።»

«ቀጠሮው ነገ ጠዋት ነው።»

«የማን ቀጠሮ?»

«የሲስተር።»

መፍቻውን አስቀመጠ። «ወላሂ፣ አንተ ሰው ነህ? ይሄን መጀመሪያ አትልም?» ብሎ ተቆጣኝ። በዕድሜ ልጄ ነው፤ ግን ድሬ ውስጥ አንቱ የሚባል የለም። አንቱ ካሏችሁ ተቀይመዋችኋል ማለት ነው።

ስድስት ሰዓት ሆኖ ጓደኞቹ ጫታቸውን በብብታቸው ይዘው መጡ። «ሀዬ፣ እናንተ ጀምሩ፤ እኔ ዛሬ ሥራ አለኝ» አላቸው። የድሬ ወንድ በርጫውን ትቶ ከሰዓት በኋላ ሥራ ሠራ ብላችሁ ብትናገሩ ማንም አያምናችሁም፤ እኔ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ጓደኞቹም ጥለውት አልሄዱም። ምንጣፋቸውን አምጥተው መኪናዋ ሥር ዘረጉና እየቃሙ ምክር ይሰጡት ጀመር። አንዱም ስለ ኤሲ የሚያውቅ አልነበረም፤ ምርቃናው እየገፋ ሲሄድ ግን ሁሉም ኢንጂነር ሆኑ። ጉሌድ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ አሮጌውን ዘይት አጠበ፣ ጎማዎቹንና ማጣሪያውን ቀየረ፣ በውስጡ የቀረውን አየር በመሳሪያ መጥጦ አወጣ። አዲሱን ጋዝ ሲሞላ ከድሮው ልክ አሳነሰው። ለምን ስለው፣ «ይሄኛው ጥጋብ አይወድም» አለኝ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሞተሩን አስነሳና እጄን ይዞ አየር መውጫው ላይ አደረገው። ቀዝቃዛ ነፋስ! ምን ልበላችሁ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። «እንደ ድሮው በረዶ አይሆንልህም» አለኝ፤ «ሰው ግን ያደርሳል። ብቻ መስኮቱን ዝጋ። አደራህን፣ እንዳትከፍት።»

ሲስተርን ለምኜ፣ ተቆጥቼ፣ እንደገና ለምኜ በማግስቱ ወሰድኳት። ቀትር ላይ ስትወጣ መኪናዋን አቀዝቅዤ ጠበቅኋት። ወንበሯን ወደ ኋላ ለጠጥኩላት፤ ብርሃኑ ዓይኗን እንዳይወጋት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገችና ገና ሳንርቅ እንቅልፍ ወሰዳት። ፌስታሉ እንደታጠፈ ጭኗ ላይ ነው። እንዳላንገላታት ቀስ ብዬ ነዳሁ። በመጋላ ሳልፍ ሰዉ እጁን ያነሳል፤ እኔ አደራ አለብኝ፣ መስኮቱን አልከፈትኩም። ደግሞም እያለቀስኩ ነበር። ሳታስመልስ ተኝታ ስትተነፍስ ሳያት ደስታዬን የማደርግበት ጠፍቶኝ ነው። እንዳትነቃብኝ ብዬም ወደ ቤት አልገባሁም፤ በኢንዱስትሪ ፓርኩ መንገድ ወጣ ብዬ ዞር ዞር አልኩ።

አሁን ሁለተኛውን ልንገራችሁ። እኛ ዘንድ ሳይኮራ መስኮት ዘግቶ፣ ቀስ ብሎ የሚያልፍ ሰው ከሆስፒታል አስከሬን ይዞ የሚመለስ ሰው ነው።

ሳቢያን ስንደርስ ደጃችን ላይ ድንኳን እየተተከለ ነው። ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቋል። የመጋላ ሰው በባጃጅ ተጭኖ ቀድሞን ደርሷል። ፋዱማ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ደረቷን ትደቃለች። ጉሌድ ዘይት በነካው እጁ ጭንቅላቱን ይዞ፣ «ጋዙ ነው! እኔ ነኝ የገደልኳት!» ይላል።

ሲስተር ጩኸቱ ቀሰቀሳትና ነጠላውን ከፊቷ ገለጥ አድርጋ አየች።

«ማን ሞቶ ነው?»

«እኔ እንጃ» አልኳት። እውነቴን ነው፤ ያን ሰዓት አልገባኝም ነበር።

መስኮቱን አወረደች። ድንኳን የሚተክሉት ገመድ እንደያዙ ደርቀው ቀሩ።

«ያ ረቢ! ሲስተር?» አለች ፋዱማ። ከዚያ ከተቀመጠችበት ተነስታ መጣችና ቁጣዋን እኔ ላይ አወረደችው፤ «መስኮት ዘግተህ ታልፈናለህ? ምን በድለንህ ነው?» ራሷን በመስኮት አስገብታ ሲስተርን አንገቷን አቅፋ አለቀሰች። ሲስተር መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ በፋዱማ ትከሻ አሻግራ የተሰበሰበውን ሰው አንድ በአንድ አየችና እሷም አለቀሰች። ጉሌድን ጠርታ፣ «ስትወለድም እንዲሁ ነበር የምትጮኸው» አለችው።

ድንኳኑ ከተተከለ አይቀር አልፈረሰም፤ ሰዉ ጥላው ሥር ተቀመጠ። ንፍሮ ተቀቅሎ ነበር። ስንት ጊዜ እህል አልቀምስም ስትል የነበረችው ሚስቴ የራሷን የለቅሶ ንፍሮ በሳህን አስቀርባ በላች፤ ደግማም ጠየቀች።

ማታ ሰዉ ሲሄድ፣ «ለቀጣዩ ቀጠሮ እሄዳለሁ» አለችኝ። «ግን መጋላ ስንደርስ መስኮቱን ትከፍታለህ።»

«ቅዝቃዜው ይወጣላ!»

«ይውጣ። ሰዉ ይየኝ።»

ለጉሌድ ስነግረው፣ «አቦ፣ ያን ሁሉ የደከምኩት መንገዱን ላቀዘቅዝ ነው?» ብሎ ተበሳጨ። ቢሆንም በቀጠሮዋ ቀን ጋራዡ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀንና ከሰው ሁሉ ቀድሞ እጁን የሚያስገባው እሱ ነው።

እና እናንተ፣ አንድ ቀን ቀትር ላይ በመጋላ ስታልፉ በዚያ ሁሉ ሙቀት መሐል ድንገት ፊታችሁን ቀዝቀዝ ያላችሁ እንደሆነ አትደንግጡ። እኛ ነን፤ ከሕክምና እየተመለስን ነው።